ከደጋው ምድር የሚተነውን ውሃ ማን ይቆጥረዋል?

በክረምት ወራት በልደታ ክፍለ ከተማ የሚጥለው ዝናብ ከምድር እንደደረሰ በሁለት ይከፈላል። በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮንክሪት ላይ ያረፈው በየቦዩ ወርዶ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ያመራል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ባሉ ዛፎች ሥርና በሣር ላይ ያረፈው ግን አብዛኛው ወደ ወንዝ አይደርስም። ፀሐይ ስትወጣ ከፊሉ ከአፈሩ ይተናል፤ ከፊሉን ዛፉና ሣሩ በሥራቸው ስበው በቅጠላቸው በኩል ወደ አየር ይመልሱታል።

የመጀመሪያው ውሃ ይታያል። ድልድይ ሲያጥለቀልቅ ዜና ይሆናል፤ በወንዝ መለኪያ ጣቢያም ይመዘገባል። ሁለተኛው ግን ድምፅ የለውም። ከመሬት ገጽ የሚተነውንና ዕፅዋት የሚያወጡትን ውሃ ባለሙያዎች በአንድነት ኢቫፖትራንስፓይሬሽን ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ «ጠቅላላ ትነት» እንለዋለን።

የአገራችንን የውሃ ሀብት በሚመለከቱ ሰነዶች ሁሉ ማለት ይቻላል የማይጠፋ አንድ ቁጥር አለ። ይኸውም በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚገመተው የወንዞቻችን ፍሰት ነው። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ምድር ላይ በዓመት በአማካይ 848 ሚሊሜትር ዝናብ እንደሚጥል የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) መረጃ ያሳያል፤ ይህም በአገሪቱ ስፋት ሲባዛ ወደ 936 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ800 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ እጅግ የሚበዛው ግን ተመልሶ ወደ ሰማይ ይወጣል። እንግዲህ በየስብሰባው የምንጠቅሰው 122 ቢሊዮን ከጠቅላላው ዝናብ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ ወጪ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ስሙ እንጂ ዝርዝሩ የለም።

የሚተነው ውሃ ሁሉ ባከነ ማለት አይደለም። ጤፉም፣ ስንዴውም፣ ደኑም የሚበቅለው በዚሁ ትነት ነው። ጥያቄው የትኛው ትነት ምርት አስገኘ፣ የትኛውስ ከባዶ መሬትና ከተንጣለለ ውሃ ላይ ያለ ፋይዳ ወጣ የሚለው ነው። ይህን ለመለየት መለካት ያስፈልጋል።

የልኬቱ ፋይዳ ከእርሻ ማሳ አልፎ እስከ አገሮች ግንኙነት ይደርሳል። ግብፅና ሱዳን ኢትዮጵያን ሳያካትቱ እ.ኤ.አ. በ1959 በተፈራረሙት ስምምነት የዓባይን ዓመታዊ ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ 55.5 ቢሊዮኑን ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮኑን ለሱዳን መደቡ። ቀሪው 10 ቢሊዮን የተያዘው ከአስዋን ግድብ ሐይቅ ላይ ለሚተነው ነው። ትነት በዚያ ሰነድ ላይ እንደ አንድ ተጋሪ አገር የራሱ ድርሻ ተጽፎለታል። ከፍተኛውን ውሃ የምታመነጨው አገር ግን በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበራትም። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በሥራ ላይ ውሏል፤ የስምምነቱ መሠረት ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ነው። ምክንያታዊነትን የሚያስረዳ ወገን ምን ያህል ውሃ በእርግጥ እንደተጠቀመ በራሱ ቁጥር ማሳየት ይኖርበታል። ከወንዝ የተጠለፈ ውሃና የተፈጀ ውሃ ደግሞ አንድ አይደሉም። ከተጠለፈው የተወሰነው ሰርጎና ፈስሶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከተፋሰሱ ለዘለቄታው የሚወጣው በዋናነት የተነነው ነው።

ይህን ለማወቅ ለረዥም ዘመን ሲሠራበት የቆየው መንገድ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ነው። እንግሊዛዊው ሃዋርድ ፔንማን እ.ኤ.አ. በ1948 የነደፉትና በኋላ ጆን ሞንቴይዝ ያሻሻሉት ቀመር የአየር ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ የነፋስ ፍጥነትንና የፀሐይ ብርሃንን ወስዶ ውሃ ያልጎደለበት ሣር በቀን ስንት ሚሊሜትር እንደሚያተን ያሰላል። ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህንኑ መለኪያ አድርጎ አሳትሞታል፤ የመስኖ ባለሙያዎቻችንም የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ቀመሩ ጠንካራ ነው። ነገር ግን የሚነግረን መሬቱ በቂ ውሃ ቢኖረው ሊተን የሚችለውን እንጂ በእርግጥ የተነነውን አይደለም። በዚያ ላይ አራቱንም መረጃዎች አሟልተው የሚመዘግቡ ጣቢያዎች የሚገኙት በአብዛኛው በከተሞችና በመንገድ ዳር ነው። በጮቄ ተራራ ወገብ ላይ ወይም በመንዝ ጓሳ ሜዳ የሚሆነውን ከከተማ ጣቢያ መገመት አስቸጋሪ ነው።

የሳተላይት ሪሞት ሴንሲንግ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። አሠራሩን ለመረዳት እንስራን ማስታወስ ይበቃል። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው ጥቂት ውሃ በሸክላው ቀዳዳዎች ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 2.45 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ይጠይቃል። ማሳም እንደዚሁ ነው። ውሃ የጠጣ ማሳ ሲያተን ይቀዘቅዛል፤ የደረቀ ማሳ የፀሐዩን ኃይል የሚያጠፋበት ስለሌለው ይሞቃል። ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ የሚዞሩት የላንድሳት ሳተላይቶች ይህን የገጽ ሙቀት ይለካሉ። ከፀሐይ ከገባው ኃይል ላይ አፈሩንና አየሩን ያሞቀው ሲቀነስ የሚተርፈው ለትነት የዋለው ነው። በዚህ መርህ ላይ የተመሠረተውን «ሴባል» የተሰኘ ስሌት የኔዘርላንድሱ ተመራማሪ ቪም ባስቲያንሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ስሌቶች አብዛኞቹ የእርሱ ዘመዶች ናቸው።

ይህ ስሌት ደጋ ላይ ሲደርስ ግን ይቸገራል። በሜዳማ አገር ቀዝቃዛ ማሳ እርጥብ ማሳ ነው። በተራራማ አገር ግን መሬት ከፍታ ላይ በመሆኑ ብቻ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1 ሺ ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። በ1 ሺ 800 ሜትር ላይ ያለውን የጣና ዙሪያ መሬትና ወደ 4 ሺ ሜትር የሚጠጋውን የጮቄ ገመገም በአንድ ሚዛን ያየ ስሌት ደረቁን የጮቄ ድንጋያማ መሬት በመስኖ እንደ ረሰረሰ ማሳ ሊቆጥረው ይችላል። ማረሚያ ካልተደረገለት ከፍ ባልን ቁጥር ያልነበረ ትነት ይጨመርልናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካቀረቡት ሳይንቲስቶች አንዱ በኢትዮጵያ ያደጉትና በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ዶክተር ገብርኤል ሰናይ መሆናቸው ለአንባቢያችን ትርጉም ይኖረዋል ብለን እናምናለን። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት ቀለል ያለ የኃይል ሚዛን ስሌት ብዙ መረጃ ለሌላቸው አገሮች የታሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የከፍታ ማረሚያ ታከለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ «ኤስኤስኢቦፕ» በሚል ስም ለመደበኛ ሥራ ዝግጁ ሆኖ ወጣ። ዛሬ በምዕራብ አሜሪካ ገበሬዎችና የውሃ ሹማምንት የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው «ኦፕን ኢቲ» የተባለው አገልግሎት ከያዛቸው ስሌቶች አንዱ ይኸው ነው።

የደጋው ጠባይ በሙቀት ብቻ አያበቃም። ልደታ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺ 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩ ስስ በመሆኑ በጠራ ቀን ከፀሐይ ኃይል ወደ ምድር የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ይላል፤ በባሕር ወለል 75 በመቶ ገደማ የሆነው በዚህ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ሙቀቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ካለው ኃይል ውስጥ ለትነት የሚውለውም ከቆላው ይበልጥ ነበር። የደጋው ቅዝቃዜ ግን ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ለቆላ በተስተካከለ ቁጥር ደጋን መለካት የማያዋጣው ስለዚህ ነው።

ተዳፋትም አለ። ላንድሳት በአገራችን ሰማይ የሚያልፈው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ወደ ምሥራቅ የዞረው ተዳፋት ፀሐዩን ሲሞቅ ቆይቷል፤ ወደ ምዕራብ የዞረው ገና ነው። የሁለቱ አፈር እኩል ቢረጥብም ሳተላይቱ የሚያየው ሁለት የተለያየ ሙቀት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ደመና ነው። የሙቀት ዳሳሽ ደመናን ዘልቆ አያይም። የደጋው ምድር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚከርመው በደመና ተሸፍኖ በመሆኑ ዋናው የዝናብ ወቅት ለሳተላይቱ ጨለማ ነው ማለት ይቻላል። በካርታው ላይ ለእነዚህ ወራት ቁጥር ቢቀመጥም አብዛኛው ከፊትና ከኋላ ካሉ ጥርት ያሉ ቀናት የተሞላ ግምት ነው። ካርታውን በጠረጴዛው ላይ የሚያገኝ ኃላፊ ይህን ማወቅ አለበት፤ የሐምሌው ቀለም ከጥሩ ቀለም ጋር አንድ ዓይነት እምነት አይጣልበትም።

የግምት ስህተት ምን ያህል እንደሚመዝን ጣና ያሳየናል። የሐይቁ ስፋት 3 ሺ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከገጹ በዓመት የሚተነውን የተለያዩ ጥናቶች በ1 ሺ 500 እና በ1 ሺ 700 ሚሊሜትር መካከል ያስቀምጡታል። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ 4.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ከሐይቁ ወደ ዓባይ በአማካይ ይወጣል ተብሎ ከሚገመተው ይበልጣል። ጣና ከልጁ ከዓባይ ይልቅ ለሰማይ ይሰጣል ማለት ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለው የ200 ሚሊሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በሐይቁ ስፋት ሲባዛ ግን 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህም 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን የቆጋ ግድብ ከሰባት ጊዜ በላይ ይሞላል።

የቆጋ ስም ከተነሳ፣ ልኬቱ ከወሬ ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለው እዚያ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በሜጫ ወረዳ፣ በመራዊ ከተማ አካባቢ የሚገኘው የቆጋ መስኖ በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ የተገነባና 7 ሺ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደ ነው። ፋኦ በኔዘርላንድስ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተው «ዋፖር» የተባለ የመረጃ ቋት የአፍሪካንና የቅርብ ምሥራቅን ጠቅላላ ትነት በየአሥር ቀኑ ያወጣል። ከአህጉሩ ተመርጠው በጣም በቀረበ ዓይን ከሚታዩት ጥቂት የመስኖ ቦታዎች አንዱ ቆጋ ነው። መጀመሪያ የ30 ሜትር፣ በሦስተኛው ዕትም ደግሞ የ20 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ለብቻው ይታያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያይ ሳተላይት መቶ ሄክታር በአንድ ነጥብ ያጠቃልላል፤ የደጋው ገበሬ ይዞታ ግን በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር ያነሰና በየቦታው የተቆራረሰ ነው። በ20 ሜትር ሲታይ የአንዱ ገበሬ ስንዴ ከጎረቤቱ ድንች ይለያል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሚሊሜትር ትነት በአንድ ሄክታር ላይ አሥር ሜትር ኩብ ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ በአንድ ወቅት 500 ሚሊሜትር ያተናል ብለን ብንነሳ በሄክታር 5 ሺ ሜትር ኩብ፣ በ7 ሺ ሄክታር ደግሞ 35 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ግድቡ የሚይዘው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ታዲያ በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ውሃ አልደረሰኝም ሲል ልዩነቱ የት ገባ? ከሐይቁ ገጽ የተነነ፣ በቦይ የሰረገ፣ በላይኛው ማሳ ከሚገባው በላይ የተለቀቀ፣ በግድቡ ውስጥ የቀረ ሊሆን ይችላል። የበር መዝገብ የሚነግረን የተለቀቀውን ብቻ ነው። የሳተላይቱ ካርታ ከመዝገቡ ጎን ሲቀመጥ ግን የትኛው ብሎክ ከተለቀቀለት ምን ያህሉን እንዳተነነ፣ የትኛው ደግሞ እየተጠማ እንደከረመ በግልጽ ይለያል። በውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት ስብሰባ ላይ የላይኛውና የታችኛው ቦይ ተጠቃሚ የሚነታረኩበት ጉዳይ በግምት ሳይሆን በካርታ ሊታይ ይችላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። በሜጫና በአካባቢው ገበሬዎች የእህል መሬታቸውን ወደ ባሕር ዛፍ ሲያዞሩ ቆይተዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ዛፉ ገንዘብ ያመጣል፣ ድካሙም ይቀላል። ውግዘት ከማብዛት ይልቅ የሚሻለው መመዘን ነው። በበጋ ሣሩ ደርቆ መሬቱ ሲግል ቅጠሉ የማይረግፈው ባሕር ዛፍ ከጥልቅ ሥሩ እየሳበ ያተናል፤ በሙቀት ካርታም ከአካባቢው ቀዝቅዞ ይታያል። የአንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ የበጋ ትነት ከአንድ ሄክታር የመስኖ ስንዴ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የመሬት አጠቃቀም ውይይቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ደስ የሚለው፣ የደጋው መስኖ የሚሠራበት ወቅትና የሳተላይቱ ዓይን ጥሩ የሚያይበት ወቅት መገጣጠማቸው ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሰማዩ በአብዛኛው ጥርት ያለ ነው። ላንድሳት 8 እና 9 በጥምር በየስምንት ቀኑ ስለሚያልፉ በአንድ የመስኖ ወቅት ሃያ ያህል ምስል ይገኛል። በኛ አስተያየት መሥሪያ ቤቶች ከዚህ መጀመር አለባቸው። የዓመቱን ሙሉ ሒሳብ፣ ክረምቱንም ጨምሮ፣ በአንድ ጊዜ ከሳተላይት መጠበቅ ለተስፋ መቁረጥ ይዳርጋል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የመረጃው ባለቤትነት ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃ ከእንጦጦ ጣቢያ ተቆጣጥራለች። የሰብልና የመሬት ሽፋን ምስል የምትሰጥ ነበረች እንጂ ሙቀት የሚለካ ዳሳሽ አልነበራትም። ስለሆነም ለትነት ስሌት የምንመካው በሌሎች ሳተላይቶች ላይ ነው። የላንድሳት ምስል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ነፃነቱ ግን ዋስትና አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት የተቋቋመውና የትነት ካርታን ለድርቅ ትንበያ ሲጠቀም የኖረው «ፊውስ ኔት» እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ድረ ገጹ ሳይቀር ተዘግቶ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የለመድነው የመረጃ ምንጭ በቀናት ውስጥ ሊደርቅ እንደሚችል ያኔ ታይቷል።

ነፃ መረጃ ሌላም ገጽታ አለው። የቆጋን ካርታ ማየት የሚችለው የቆጋ ኃላፊ ብቻ አይደለም። በታችኛው ተፋሰስ አገር ያለ ባለሙያም ከቢሮው ሳይነሳ በደጋችን የትኛው ማሳ ስንት ሚሊሜትር እንዳተነነ አስልቶ ወደ ድርድር ጠረጴዛ ይዞት ሊመጣ ይችላል። የእርሱ ስሌት የከፍታ ማረሚያ የጎደለው ቢሆን ያልተጠቀምንበት ውሃ በስማችን ይመዘገባል። ይህን ለማረም የሚቻለው በምድር ላይ የተለካ የራስ ቁጥር ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሳተላይት ከመግዛት በጣም የቀለለ ነው። በቆጋ፣ በጣና ዳርቻና ከፍ ባለው የጮቄ ወይም የመንዝ ደጋ ትነትን በቀጥታ የሚለኩ ጥቂት መሣሪያዎች ተተክለው ለተከታታይ ዓመታት ሳይቋረጡ ቢሠሩ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣውን የሳተላይት ካርታ መፈተኛ ይሆናሉ። ችግሩ ከዋጋው ይልቅ ከኃላፊነቱ ነው። የአየር መረጃው በሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የወንዝ ፍሰቱ በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ የምስል ሙያው በኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ የማሳው መዝገብ ደግሞ በክልል ቢሮዎች እጅ ነው። አራቱን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አምጥቶ የአንድን ተፋሰስ ዓመታዊ ትነት በፊርማው የሚያወጣ ባለቤት መሰየም አለበት።

ይህ የሕግ ጉዳይም ይሆናል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በውሃ ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። በአሜሪካ የኢዳሆ ግዛት የውሃ መሥሪያ ቤት የሳተላይት ትነት ስሌትን ለውሃ መብት አስተዳደር ሲጠቀምበት ቆይቷል። በእኛም አገር በመስኖ ላይ ያለው ሽሚያ እየጨመረ ሲሄድ ነገ ሁለት ባለፈቃዶች ተካስሰው ጉዳያቸው ልደታ ካለው ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የሚጠይቁት ጥያቄ ከወዲሁ ይታወቃል፤ ይህ ካርታ በማን ተሠራ፣ በምንስ ተፈተነ? ለዚህ መልስ የሚሆነው መዝገብ የሚጀምረው ከመጪው የኅዳር ወር የመስኖ ወቅት አንስቶ በየስምንት ቀኑ ከሚገኘው ምስል ጎን የዚያኑ ዕለት የምድር ልኬት በማስቀመጥ ነው።